ጓንጉል አይረባም ያለው መክተፊያ

ጓንጉልን አልወደውም። ይህን አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል፤ ኋላ ዘነበወርቅ የሰው ስም አጠፋች እንዳልባል። ፊት ለፊት «አያ ጓንጉል፣ እንዴት አደሩ» እለዋለሁ፤ በዕድሜ ይበልጠኛልና አንቱታው አይቀርበትም። ዞር ሲል ግን እሱ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ከሱ ቤት ሥር ኖሬአለሁ። እስራኤል አገር፣ ረሆቮት ከተማ፣ ከሄርዝል ጎዳና ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ባለው አሮጌ ሕንፃ፣ እኔ ምድር ቤት፣ እሱ አንደኛ ፎቅ። ሲራመድ ጣራዬ ይንቀጠቀጣል። ሲያስል እሰማለሁ። ሲቆጣማ እንኳን እኔ፣ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል።

ሥራው መፍረድ ነው። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሌላ ሥራ የለውም። የሰፈራችን ሱፐር በየሳምንቱ ረቡዕ ጧት መግቢያው ላይ አንድ ትልቅ የሽቦ ቅርጫት ያወጣል፤ ርካሽ ዕቃ የሚከመርበት፣ እነሱ ሚቭጻ የሚሉት። የድንች መላጫ፣ የባትሪ መብራት፣ የዝንብ መምቻ፣ በኤሌክትሪክ የሚሞቅ የእግር ሹራብ፣ እንቁላል የሚመታ ዘንግ፣ ምኑ ቅጡ። ጓንጉል ሱፐሩ ሳይከፈት በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ሊገዛ እንዳይመስላችሁ። ሊፈርድ ነው።

አፈራረዱን ልንገራችሁ። ዕቃውን ከሳጥኑ ያወጣና ጆሮው ሥር አድርጎ በጥፍሩ ይመታዋል፤ ድምፁን ያዳምጣል። ከዚያ ያሸተዋል። አዎ፣ ያሸተዋል፤ ብረት የራሱ ሽታ አለው ይላል። ከዚያ ቀለሙን በአውራ ጣቱ ጥፍር ፋቅ ፋቅ ያደርጋል። በመጨረሻ ያን አካፋ የሚያህል መዳፉን ዘርግቶ ዕቃውን ይጠመዝዘዋል። ከአራት ዕቃ ሁለቱ እዚያው እጁ ላይ ይሰበራል። የተሰበረውን ወደ ቅርጫቱ መልሶ ይወረውርና ለቆመው ሰው ሁሉ «አይረባም» ይላል። አለቀ። ይግባኝ የለም። እሱ አይረባም ያለውን የእኛ ሰው ከገዛ፣ በጥቁር ከረጢት ደብቆ ነው ወደ ቤቱ የሚያስገባው።

የሱፐሩ ኃላፊ ኒሲም የሚባል ጎልማሳ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ሊያባርረው ሞክሮ ነበር። ጓንጉል አንድ እጀታው የወለቀ ማንቆርቆሪያ አፍንጫው ሥር ይዞ፣ በዚያ ስብርብር ባለ ዕብራይስጡ፣ ይህን ለእናትህ ትገዛላታለህ ወይ ብሎ ጠየቀው። ከዚያ ወዲህ ኒሲም ጓንጉልን ሲያይ ወደ ወተቱ ማቀዝቀዣ ዞር ይላል።

እኔን ምን አደረገኝ? ልጄ ሊራዝ ልታገባ ስትል ከዚያው ቅርጫት የድስት ስብስብ ገዛሁላት፤ አምስት ድስት ከነክዳኑ፣ ቀይ ቀለም የተቀባ፣ ዓይን የሚገባ። አማቾች ቤቴ በመጡ ቀን አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ ደረደርኩት። ጓንጉልም እንደ ሽማግሌ ተጠርቶ መጥቷል። ሰው ምርቃት ሲጠብቅ እሱ ተነሥቶ ትልቁን ድስት አነሣ፤ በጥፍሩ መታው፤ አሸተተው። ከዚያ በአማቾቼ ፊት፣ ይህ ከፋሲካ እስከ ፋሲካ አይደርስም አለ። ያን ቀን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ደግሞ የሚያናድደው፣ አልደረሰም። በሐኑካ በዓል፣ ፋሲካ ሳይመጣ፣ እጀታው ወለቀ። ልክ መሆኑ ነው ይበልጥ የጠላሁት።

እንዲህ ያደረገው ምን እንደሆነ አላውቅም አልልም፤ አውቃለሁ። ጎንደር ወገራ ሳለ ቀጥቃጭ ነበር፤ አባቱም ቀጥቃጭ፣ አያቱም ቀጥቃጭ። የአካባቢው ገበሬ ማረሻውንና ማጭዱን ከሱ እጅ ይወስዳል፤ ዞር ሲል ግን ቡዳ ነው እያለ ልጆቹን ከፊቱ ይሸሽጋል። በብረቱ ያርሳል፣ በቤቱ አይበላም። በሱዳን በኩል ያን ሁሉ መከራ አልፎ እዚህ ሲደርስ፣ ነስ ጺዮና በምትባለው ጎረቤት ከተማ አንድ የብረት ሚፍዓል ውስጥ አስገቡት። ፋብሪካ ነው እንግዲህ፤ ብረት ተገኘ ብሎ ደስ ብሎት ገባ። ሃያ አራት ዓመት አንድ ቁልፍ ሲጫን ኖረ። ማሽኑ ይቆርጣል፣ እሱ ይጫናል። አንድም ቀን ይህ ብረት እንዴት ነው ብሎ የጠየቀው የለም። እንግዲህ ያን ሁሉ ዓመት ያፈነውን ፍርድ ነው ረቡዕ ረቡዕ የሚያወርድብን።

ይህን አውቄም አልወደውም። ምክንያቱም እማዋይሽ አለች።

እማዋይሽ ሚስቱ ናት። እንደ እኅቴ ነው የማያት፤ እታለም ነው የምላት። እንደሷ ያለ ዶሮ ወጥ የሚሠራ በዚህ ከተማ የለም። ይህን የምለው ወዳጄ ስለሆነች አይደለም፤ ጠላትም ይመሰክራል። ዓርብ ጧት ሽንኩርቱን ጠረጴዛ ሙሉ ታፈሰዋለች፤ እንደ ዱቄት አድቅቃ ትከትፈዋለች፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወጡ ከእሳት ይወርዳል፤ ሰንበት ይገባል። አርባ ዓመት እንዲህ ኖረች። ከዚያ በፈረንጅ አቆጣጠር በ2013 ክረምቱ ላይ ስትሮክ መታት። ምላሷ ተመለሰ፣ እግሯም ደህና ሆነ፤ ደረጃውን ብረቱን ይዛ ትወጣለች ትወርዳለች። ቀኝ እጇ ግን አልተመለሰም። እንዲያው ጎኗ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

አንድ እጅ ይዞ ሽንኩርት መክተፍ ሞክራችኋል? ቢላውን ስትይዙ ሽንኩርቱ ይንከባለላል፤ ሽንኩርቱን ስትይዙ ቢላው የለም። ከዚያ ወዲህ የሰንበቱን ምግብ የምታመጣው ልጃቸው ኤንባል ሆነች። ቴል አቪቭ ትሠራለች፤ ዓርብ በቀን ባቡር ረሆቮት ጣቢያ ትወርድና በአልሙኒየም ሳህን የታሸገ የተጠበሰ ዶሮ ይዛ ከች ትላለች። ደግ ልጅ ናት፣ አልከፋባትም። እማዋይሽ ግን ያን ዶሮ ስታየው ፊቷ ይጠቁራል። ትቀምሰዋለች፤ አትበላውም። አንድ ቀን እጄን ይዛ እንዲህ አለችኝ፤ መሞቱን አልፈራም፣ ግን የሰንበቱን ወጥ አንዴ በራሴ እጅ ሠርቼ ልሙት አለች። ሌላ ነገር አልጠየቀችም። ወርቅ አላለች፣ አገሬ መልሱኝ አላለች።

ባሏ ምን አደረገላት? ቢላ ሳለላት። ሚፍዓል ሳለ ከተረፈ ብረት በገዛ እጁ የሠራላት ከባድ ቢላ አለ። ሐሙስ ሐሙስ ያን ቢላ ድንጋይ ላይ እያሸ ይስለዋል፤ ድምፁ እኔ ቤት ድረስ ይወርዳል። ከዚያ፣ ምላጭ አድርጌልሻለሁ፣ ዝም ብለሽ ብታስነኪው ይቆርጣል ይላታል። ቢላው እንደሆነ ድሮም ስለት አላጣም ነበር። ያጣችው የሚይዘውን እጅ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ በየሐሙሱ ሳለላት፤ ሁለት ዓመት ሙሉ እሷም እግዜር ይስጥልኝ ብላ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

በ2015 በጋ፣ አንድ ረቡዕ፣ ሦስታችንም ሱፐር ነበርን። እኔ ለራሴ ጉዳይ፣ እነሱ ለእንቁላል። ቅርጫቱ ውስጥ አዲስ ነገር ወጥቷል፤ የሽንኩርት መክተፊያ። የፕላስቲክ ሳህን ነው፤ ውስጡ ሦስት ስለት አለው፤ ክዳኑ ላይ ገመድ አለ። ገመዱን ሳብ ሲያደርጉት ስለቱ ይዞራል፤ ሲለቁት ይመለሳል። ሥሩ ጎማ ስለሆነ ጠረጴዛ ላይ ጫን ሲሉት ልክክ ብሎ ይይዛል። ኤሌክትሪክ አይፈልግም። ዐሥራ ዘጠኝ ሰቅል። እማዋይሽ ሳጥኑ ላይ ያለውን ሥዕል አየችው። ሥዕሉ ላይ አንዲት ሴት በአንድ እጇ ገመዱን ትስባለች፤ ሌላው እጇ ወገቧ ላይ ነው። እማዋይሽ ያን ሥዕል ስታይ ፊቷ ላይ ያየሁትን አልረሳም። ሳጥኑን በግራ እጇ አንሥታ ለባሏ ሰጠችው።

እሱም የለመደውን አደረገ። በጥፍሩ መታው፤ ፕላስቲክ ምን ድምፅ ይኑረው፣ ጧ አለ። አሸተተው፤ ፊቱን አጨማደደ። ከዚያ ገመዱን ያዘና፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ በሬ የሚጎትት ይመስል በዚያ በመዶሻ ክንዱ መነጨቀው። ገመዱ ከነመያዣው እጁ ላይ ቀረ። ለእማዋይሽ እያሳያት «አይረባም» አለ። ሳህኑንም ቅርጫቱ ውስጥ ወረወረው።

ካያያዝ ይቀደዳል፣ ካነጋገር ይፈረዳል ይላል ያገራችን ሰው። አፌ ድረስ መጥቶ ነበር፤ ዋጥኩት። እማዋይሽ የእንቁላሉን ካርቶን በግራ ክንዷ አቅፋ ወጣች።

በማግስቱ ተመልሼ አንዱን ገዛሁት። በጎነት እንዳይመስላችሁ። ግማሹ ለሷ ብዬ ነው፤ ግማሹ እልህ ነው፤ እልሁ ሳይበልጥም አይቀር። ዓርብ ጧት ጓንጉል ከጸሎት በኋላ ከሽማግሎቹ ጋር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ዓለምን ሲያስተካክል ይውላል። ያን ሰዓት ጠብቄ፣ ወንበሩ መስኮቴ ፊት ለፊት ነውና መጋረጃውን ዘግቼ፣ እማዋይሽን ወደኔ ቤት ጠራኋት። ሽንኩርቱን ልጬ አራት አራት ቦታ ሰንጥቄ ሳህኑ ውስጥ ጨመርኩላት። ጎማውን ጠረጴዛው ላይ ጫንኩላት።

ገመዱን በግራ እጇ ያዘች። አልመነጨቀችውም። ሳብ፣ ለቀቅ፣ ሳብ፣ ለቀቅ፤ እኩል፣ ሳትቸኩል፣ ከትከሻዋ ጀምራ። ድምፁ አንድ ዓይነት ነው፤ አይጨምርም አይቀንስም። ይህን የት ተማርሽው ብላት ሳቀች። ከተጋቡ በኋላ ወገራ ሳሉ፣ ለጓንጉል ወናፍ የምትነፋለት እሷ ነበረች ለካ። ሰባት ዓመት። ወናፍ ከተጣደፉበት እሳቱ ይተፋል፣ ከዘገዩበት ብረቱ ይቀዘቅዛል አለችኝ። እሱ መዶሻውን ይመታል፣ እሷ እሳቱን ታኖራለች። ክዳኑን ስንከፍት ሽንኩርቱ እንደ ዱቄት ደቅቋል። ጣቷን ነክራ አሻሸችውና አለቀሰች። ሽንኩርቱ ነው አለችኝ። እሺ አልኳት።

ያን ዓርብ ዶሮ ወጡን እኔ ቤት ሠራችው። ድስቱን እኔ ተሸክሜ ወጣሁ፤ ጓንጉል ሲጠይቅ የዘነበወርቅ ነው እንዲባል ተማከርን። ማታ ሰንበት ከገባ በኋላ ጣራዬ ጸጥ አለ፤ እየበላ ነው ማለት ነው። እሑድ ደረጃው ላይ ሲያገኘኝ አስቆመኝና፣ በሃያ ሁለት ዓመት አንድ ቀን እንኳ ከአፉ ያልወጣውን ቃል አወጣ። ወጥሽ ሰው ይበላዋል አለኝ። ከማን ተማርሽው አለኝ። ከአንቱ ሚስት አልኩት። ሳቄን አፍኜ ሸሸሁ።

ስምንት ዓርብ እንዲህ አለፈ። እማዋይሽ መልኳ ተመለሰ። ኤንባል እንኳ፣ እማ ምን አግኝታ ነው ብላ ጠየቀችኝ። የተጠበሰውን ዶሮ ማምጣቷን ግን አላቆመችም፤ ጎረቤት የሚያስቸግሩ እንዳይመስላት እናቷ አታምጪ አላለቻትም ነበር።

ዘጠነኛው ዓርብ ከመስከረሙ በዓላት በኋላ ዋለ፤ የመጀመሪያው ዝናብ የጣለ ዕለት። ዝናብ ሲመጣ ሽማግሎቹ ከወንበራቸው ተነሡ። እኛ ወጥ ቤት ሆነን አልሰማንም። እማዋይሽ ገመዱን እየሳበች፣ እኔ እየላጥኩ፣ ሬዲዮው እየጮኸ። ቀና ስል ጓንጉል በሩ ላይ ቆሟል፤ ኮቱ ረጥቧል። የቤቴ በር በቀን አይዘጋም።

ሰተት ብሎ መጣና መክተፊያውን ከጠረጴዛው ላይ ነቀለው። ጎማው ሲላቀቅ ጮኸ። ይህ አይረባም ብዬ አልነበረም ወይ አለ፤ ከኔ ተደብቆ ውዳቂ ዕቃ ይገዛል አለ። ሳህኑን በሁለት መዳፉ መሀል አድርጎ ጨመቀው። ለሁለት ተሰነጠቀ። የደቀቀው ሽንኩርት በጫማው ላይ ፈሰሰ።

እኔ ልጮህ አፌን ስከፍት እማዋይሽ በዓይኗ ዝም በይ አለችኝ። ቀኝ እጇን በግራዋ አነሣችና፣ ዕቃ እንደሚያስቀምጥ ሰው፣ ጠረጴዛው ላይ በፊቱ አስቀመጠችው።

«አንቱ፣ ሰባት ዓመት ወናፉን የነፋሁልዎ በዚህ እጄ አልነበረም?» አለችው።

ጓንጉል ዓይኑን ወደ ተሰነጠቀው ሳህን መለሰ።

«የዓለምን ብረት ሁሉ ሲያዩ ኖሩ። ይችን እጅ አላዩዋትም።»

ይህን ብላ ተነሣች። የተላጠው ሽንኩርት እዚያው እንዳለ፣ ዶሮው እንደተበለተ፣ ብረቱን ይዛ ደረጃዋን ወጣች። እሱ መሬት ያለውን ሽንኩርት እያየ ትንሽ ቆመ። ከዚያ እሱም ወጣ። ይቅርታ እንኳ አላለኝም። ያን ሰንበት ኤንባል ያመጣችውን ዶሮ በሉ። ወይም አልበሉም፤ ብቻ ከላይ አንድ ቃል አልሰማሁም። ቁጣ ቢሰማ ይሻል ነበር።

ማክሰኞ ዕለት ኒሲምን አገኘሁትና ያ መክተፊያ አለ ወይ አልኩት። መጋዘን የቀረች ጥቂት አለች፣ ነገ አወጣታለሁ፣ ከዚያ በኋላ አይመጣም አለኝ። ረቡዕ ጧት ሳይከፈት በር ላይ ተሰለፍኩ። ጓንጉል እፊቴ ቆሟል። ሰላምታ አልሰጠሁትም። እሱም አልሰጠኝም።

በሩ ሲከፈት ሰው ሁሉ ገባ። ጓንጉል ቅርጫቱ ላይ ጎንበስ ብሎ ከታች አንድ ሳጥን አወጣ። መክተፊያው ነው። ሴቶቹ እንደልማዳቸው ፍርዱን ሊሰሙ ከበቡት። በጥፍሩ ይመታዋል ብለን ስንጠብቅ አልመታውም። አላሸተተውም። ቀኝ እጁን ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተው። ሳህኑን መደርደሪያው ላይ በግራ እጁ ጫነው፤ ገመዱን በግራ እጁ ያዘው። ሳብ አደረገው። አልሆነለትም፤ ተንሻፈፈበት። ደገመው። ሦስተኛው ላይ ቀስ አለ፤ ትከሻው ወረደ፤ ስለቱ እኩል መዞር ጀመረ። ቆሞ ሳብ፣ ለቀቅ፣ ሳብ፣ ለቀቅ ያደርጋል። የት እንዳለም የረሳ ይመስላል።

ከዚያ ወደ ሳጥኑ መለሰው። «አይረባም» አላለም። ሳጥኑን በብብቱ ሥር ያዘና መለዋወጫ ገመድ እንዳለ ሊጠይቅ ኒሲምን ፍለጋ ዞረ። እርምጃ ሳይሄድ ደግሞ መነጽሩን መደርደሪያው ላይ ረስቶ ኖሮ ተመለሰ፤ መነጽሩን ሊያነሣ ሳጥኑን ቅርጫቱ ጠርዝ ላይ አኖረው።

ወይ ጉድ። ሴቶቹ ያደረገውን አይተዋል። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ዕቃ ያላጸደቀ ሰው፣ ሳይሰብር፣ ሳይሳደብ፣ በብብቱ ይዞ ሲሄድ! ጓንጉል ከገዛው ዕድሜ ልክ የሚኖር ነው ብለው ቅርጫቱ ላይ ወረዱበት። ክርን ከክርን ተገፋፋ። እኔም ሁለት አነሣሁ፤ አንድ በግራ፣ አንድ በቀኝ። ትሁን የምትባለው የፊት ለፊት ሕንፃ ጎረቤታችን ደግሞ ከጠርዙ ላይ የሱን ሳጥን እፍስ አድርጋ ሄደች። መነጽሩን አድርጎ ቀና ሲል ቅርጫቱ ባዶ ነው። የቀረው አንድ የዝንብ መምቻ ነበር።

ሒሳብ መክፈያው ጋ ደረሰብኝ። ሁለቱን ሳጥኖች አየ። ሦስት ዓመት ያን ሰዓት ስጠብቅ ኖሬአለሁ፤ ቀዩ ድስት ከነእጀታው ፊቴ ላይ ድቅን አለብኝ።

«አንዱን ልቀቂልኝ» አለኝ።

«አያ ጓንጉል፣ ፕላስቲክ እኮ ነው» አልኩት። «ይረባል?»

ሴቶቹ ዞረው አዩን። ትሁን እንኳ ሳጥኗን አቅፋ ቆመች። ጓንጉል ግራና ቀኝ አየ። አንገቱ ሲቀላ አየሁት።

«ለሷ ይረባል» አለ።

ደስ አለኝ። ደስ አላለኝም ብል ውሸታም ነኝ። ለሷ ከሆነ ለሷ እሰጣታለሁ አልኩትና ከፍዬ ወጣሁ። ከኋላዬ ባዶ እጁን ሲመጣ የጫማውን ድምፅ እስከ በሬ ሰማሁት። ያን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ ያን ቀን ግን ቀስ ይል ነበር።

እማዋይሽ ሳጥኑን ስሰጣት የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። አልሳቀችም። እኔን ደግሞ፣ አንቺም በሰው ፊት ባላዋረድሽው መልካም ነበር፣ የድስትሽን ነገር ሦስት ዓመት ስታወሪው ኖርሽ አለችኝ። አመመኝ፤ ተቀበልኩት። ከዚያ ሁለት ነገር አዘዘችኝ። አንደኛ፣ መክተፊያው እዚሁ አንቺ ቤት ይቀመጥ፤ እላይ ከወጣ ይፈረድበታል አለች። ሁለተኛ፣ ከእንግዲህ ሽንኩርቱን አንቺ አትልጭም አለች። ታዲያ ማን ሊልጠው ነው አልኳት። ሁለት እጅ ያለው አለች። ያን ዕለት ማታ ጣራዬ ላይ የሷ ድምፅ ብቻ ሲናገር ሰማሁ።

ዓርብ ጧት በሬ ተንኳኳ። በቀን የማይዘጋ በር አንኳኩቶ የቆመው ጓንጉል ነው። በአንድ እጁ አንድ ከረጢት ሽንኩርት፣ በሌላው ያን ራሱ የሠራውን ቢላ ይዟል። ከሱ ኋላ እማዋይሽ። አግዳሚ ወንበሩ ላይ ሽማግሎቹ ተቀምጠዋል፤ መስኮቴ በቀጥታ ወደነሱ ነው፤ መጋረጃውን አልዘጋሁለትም። ወጥ ቤት ገብቶ የማያውቅ ሰው ኩርሲ ላይ ጎብጦ ተቀመጠና ሽንኩርት መላጥ ጀመረ። ሲልጥ ግማሹን ሽንኩርት ከልጣጩ ጋር ይጥለዋል። ዓይኑ ያነባል፤ በክንዱ ይጠርገዋል። ልናገር አልኩ፣ እማዋይሽ አየችኝ፤ ተውኩት።

የመጀመሪያውን ልጦ ሰንጥቆ ሲያቀብላት አልተቀበለችውም። አንዱን ቁራጭ በግራ እጇ አነሣች። ጆሮዋ ሥር አድርጋ በጥፍሯ መታ አደረገችው። አዳመጠች። አሸተተችው። ጫፉ ላይ የቀረውን ቀይ ልጣጭ በአውራ ጣቷ ፋቀችና ቁራጩን ፊቱ አስቀመጠችው።

«አይረባም» አለችው። «ሌላ ይላጡ።»

ጓንጉል አያት። አየኝ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ከከረጢቱ ሌላ ሽንኩርት አወጣ።